የፍሬን ዘይት ቱቦው

ይድረስ ለልጄ ለፌኔት። ዋቃዮ ከክፉ ይሰውርሽ፣ የእጅሽን ሥራ ይባርክልሽ። እኛ ደህና ነን። በቆሎው ደርሷል፤ አክስትሽ ድርቤም ከጉቴ መጥታ ሰንብታለች።

እኔ ግን ከእሑድ ጀምሮ እንደተናደድኩ ነው። የምትጠግኑት አውሮፕላን የፍሬን ዘይት ቱቦ ሲያንጠባጥብ አይተሽ፣ አስተማሪሽ ደህና ነው ብሎ ስለፈረመ ዝም አልኩ ትይኛለሽ። "ታላቅ አይታረምም፣ እንዳሳደግሽኝ ነው" ስትዪ ስልኩን የዘጋሁት እኔ ነኝ፤ ኔትወርክ አይደለም። ይህን ደብዳቤ ወንድምሽ ጋሩማ ፎቶ አንስቶ ይልክልሻል።

አዎ፣ ያስተማርኩሽ እኔ ነኝ። እግሬን የሰበረኝ ጭቃ ነው ያልኩሽ ግን ውሸት ነው። ከአርጆ ስንመለስ ከአውቶቡሱ ፍሬን አየር ሲያፏጭ ሰምቼ ነበር። ሾፌሩ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ስለሆኑ አፍሬ ዝም አልኩ። ቁልቁለቱ ላይ ፍሬኑ አልይዝ አለ። አጠገቤ የተቀመጠችው አራስ ከነልጇ እዚያው ቀረች።

ዛሬውኑ ሄደሽ ቱቦውን ለአስተማሪሽ አሳዪው። ቢቆጣ ይቆጣ፤ ቢያባርርሽም ቤትሽ እዚህ አለ። ዋቃዮ አፍሽን ይክፈትልሽ። እባክሽ ልጄ፣ እንደ እናትሽ ጨዋ አትሁኚ።