የጋሽ ደምሴ ወረቀት

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9

ዛሬ ሆስፒታል ኬሞ ስጠብቅ ጋሽ ደምሴ አጠገቤ ተቀመጡ። አትክልት ተራ ሃያ ዓመት በተሸካሚነት የሠሩ ሰው ናቸው። ሁለታችንም ካንሰር ይዞን በየሦስት ሳምንቱ እዚያው ወንበር ላይ እንገናኛለን። ሐኪሙ የሰጣቸውን ወረቀት ዘረጉልኝና፣ "ቲቸር፣ እንግሊዝኛው ምን ይላል? ዶክተሩ ቸኩሎ ነበር፤ መጠየቅ ፈራሁ" አሉኝ።

"ፓሊየቲቭ" የሚል ቃል ከሥሩ መስመር ተሰምሮበታል። አላወቅሁትም። ሠላሳ ዓመት እንግሊዝኛ አስተምሬ፣ "አላውቅም" ማለት ሞት መሰለኝ።

"የሚጀምሩት አዲስ መድኃኒት ስም ነው፤ ጠንካራ ነው" አልኳቸው።

ፊታቸው በራ። "እንግዲያው ለልጄ ሠርግ እደርሳለኋ" ብለው ወረቀቱን አጥፈው ደረት ኪሳቸው ከተቱት።

ከሆስፒታሉ ወጥቼ ከምኒልክ አደባባይ እስከ ቤት ድረስ ቃሉን እየደጋገምኩ መጣሁ። ጫማዬን ሳላወልቅ መዝገበ ቃላቱን አወረድኩ። በሽታውን ለማዳን ሳይሆን ሥቃዩን ለማስታገስ የሚሰጥ ሕክምና፣ ይላል።

መጀመሪያ ያሰብኩት ስለ እሳቸው ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል አላፍርም ነበር። የራሴን ወረቀቶች አልጋው ላይ ዘርግፌ፣ መስመር በመስመር በጣቴ እየተከተልኩ ያንን ቃል ፈለግሁ። የለም። "ተመስገን" አልኩ፣ ጮክ ብዬ። የጋሽ ደምሴ ደረት ኪስ ትዝ ያለኝ ከዚያ በኋላ ነው።

ለልጃቸው ነግረዋት ይሆናል። ስልክ ቁጥራቸው አለኝ። እኔ ግን ይኸው፣ መደወሉን ትቼ እጽፋለሁ።