አንድ የሰጠሁት እጅ

ኅዳር 3 ቀን 1973
ለማንም የማልናገረውን ልጽፍ ነው መሰለኝ... ለግራ እጄ አንድ ሰጠሁት።

ቀበሌ አዳራሽ ጠርተውን ነበር፣ ሴት ልጆችን ብቻ። እናትዓለም የምትባል፣ ለጥናት ከአዲስ አበባ የመጣች ነርስ፣ ወረቀት አደለችን። ፀጉር፣ አፍንጫ፣ አንገት፣ እጅ... በጣም ለምትወጂው አምስት፣ ለምትጠዪው አንድ። ስም አይጻፍም።

ሊቀመንበሩ በር ላይ ቆሞ፣ "ቅር ያላት አለች እንዴ?" አለ። ሁሉም አምስት አምስት ጻፉ። ጎረቤቴ አደይ በጆሮዬ፣ "ለዚህ አፍንጫ አምስት ስሰጠው እሱ ራሱ ታዘበኝ!"

ሳቄን ዋጥሁ። እጄ ላይ ያለችውን ነጣ ያለች ቋቁቻ በሻሼ ጫፍ ሸፍኜ አንድ ጻፍሁ።

ኅዳር 5
አደይ አይታኝ ኖሯል። ለእማ ነገረቻት። "አላህ የሰጠሽን ትነቅፊያለሽ? ይቀየምሻል!" አለችኝ እማ።

ማን ነው የሚቀየመኝ? አላህ? ወይስ እጄ?

ኅዳር 9
አባ ያመጣውን አምባዛ ሳጸዳ ደሙ በዛ። የዓሣው መስሎኝ። እማ ጮኸች፣ "ዘኪያ! እጅሽን!"

የአምባዛው እሾህ የግራ እጄ ትንሿ ጣት ውስጥ ገብቷል። አላመመኝም... ለምን አላመመኝም?

ኅዳር 10
ሐይቁ ዳር ሁለቱንም እጆቼን ነከርሁ። ቀኙ በረደው። ግራው ዝም። በቀኜ ያዝሁት። የሌላ ሰው እጅ የያዝሁ መሰለኝ... ቶሎ ለቀቅሁት።

አምስት ብዬ ባስተካክለው ይመለስልኝ ይሆን?

ኅዳር 12
እናትዓለም ልትሄድ ነው ሲሉ ሰምቼ አዳራሽ ሄድሁ።

"እትዬ፣ ወረቀቴን ይመልሱልኝ።"
"ስም የለበትም እኮ። በምን ልለየው?"
"አንድ አለበት።"

አገላበጠች። "አንድ ያለው ይኸ ብቻ ነው። ምን አድርጎሽ ነው?"

"ስለጻፍሁበት ተቀይሞኛል" ብዬ ሻሹን ገለጥሁ። አልሳቀችም። ከነጠላዋ መርፌ ቁልፍ ፈታች። "ዓይንሽን ጨፍኚ። ስወጋሽ ንገሪኝ።"

ጠበቅሁ። ጠበቅሁ... "መቼ ነው የሚወጉኝ?"

ዓይኔን ስገልጥ መርፌው ነጩ ላይ ተተክሎ ቆሟል።

"ሥጋ ደዌ ነው" አለችኝ ቀስ ብላ። "ወረቀቱ አይደለም ያመጣብሽ፣ ቀድሞም ነበረ። መድኃኒት አለው። ከዘገየሽ ግን ጣቶችሽ ይታጠፋሉ።" ለሆስፒታል ደብዳቤ ጻፈችልኝ።

ኅዳር 13
እማ ደብዳቤውን ስታይ አለቀሰች። "ሰው ከሰማ ዓሣችንን ማን ይገዛናል? አንቺንስ ማን ያገባሻል? ከቤት እንዳትወጪ!" ሳጥን ውስጥ ቆለፈችበት። ቁልፉን የምታስቀምጥበትን አውቃለሁ... ደብዳቤውን ወስጄዋለሁ።

ነገ ጠዋት ሆስፒታል እሄዳለሁ። እማ በር ላይ ልትይዘኝ ትችላለች። ግራ እጄን እሰጣታለሁ። የፈለገችውን ያህል ብትጎትተው አይሰማኝም።