ከስር ሰው አለ

የናፈቅሽኝ እናቴ፣

አሰላሙ አለይኩም። ጉልበትሽ እንዴት ሰነበተ? ዓይንሽስ? ደሴታችን ላሙ ላይ ዝናቡ ጣለ? ደብዳቤውን የምታነብልሽ እህቴ ዙዌናስ ደህና ናት? እኔ ከእንቅልፍና ከአንቺ በስተቀር ምንም አልጎደለኝም፣ አልሐምዱሊላህ።

ባለፈው ጠዋት ስትደውዪ «ቀስ! ቀስ! ከስር ሰው አለ!» ብዬ ብጮህብሽ ጂን ነው ብለሽ ሼሁ ዘንድ መሄድሽን ሰማሁ። ጂን አይደለም እናቴ፣ ሥራዬ ነው። እዚህ ሞምባሳ ወደብ ላይ ኮንቴይነር ለሚያወርደው ክሬን በእጄ ምልክት የምሰጠው እኔ ነኝ። ሌሊቱን ሠርቼ ገና እንቅልፍ እንደወሰደኝ ነው የደወልሽው። አንቺ የምትነቂው ከንጋቱ ፈጅር እስከ ማታው ኢሻ ነው፣ እኔ ከኢሻ እስከ ፈጅር። በአንድ አገር እየኖርን ሰባት ወር ሙሉ ሁለታችንም ነቅተን አላወራንም።

ጥፋቱ የእኔም ነው። ተራችን አንድ ሳምንት ቀን፣ አንድ ሳምንት ሌሊት ነበር። አብሮኝ የሚሠራውና የሚኖረው ካታና ግን ዶሮ ነው፤ ጀንበር ስትጠልቅ ዓይኑ ይከደናል። እኔን ደግሞ ታውቂኛለሽ፣ ድሮም ከአህያችን በኋላ ነበር የምነቃው። ስለዚህ ከአለቃችን ከኪፕኮሪር ተደብቀን ቀኑን እሱ፣ ሌሊቱን እኔ ጠቀለልነው።

ረመዳን ሲቃረብ ልቤ ወደ ቤት ተነሳ። የላሙ ሰው በሙሉ እንደ እኔ ሌሊት የሚነቃው በዚያ ወር ብቻ ነው። ኪፕኮሪር «ተተኪ ካመጣህ አስር ቀን ሂድ» አለኝ። ካታና «እኔ እገባልሃለሁ» አለ። «አንተ? ዶሮው?» ስለው «እናትህ ናት እኮ! ዝም ብለህ ሻንጣህን አዘጋጅ» ብሎ ተቆጣኝ።

ለሙከራ አንድ ሌሊት በእኔ ፈንታ ገባ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ «ቁም» ለማለት እጁን እንዳነሳ፣ ቆሞ ተኛ። የክሬኑ ሹፌር ትእዛዝ አክባሪ ነውና ኮንቴይነሩን አየር ላይ አንጠልጥሎ ሩብ ሰዓት ጠበቀው። ማንም አልተጎዳም። ኪፕኮሪር ሲቀሰቅሰው ግን ካታና በእንቅልፍ ልቡ «ሌሊት እኮ የአትማን ነው!» አለ። ምስጢራችን ወጣ።

«ፈቃድ የለም!» ተባልኩ። «ሌሊት ከወደድክ ረመዳንን በሙሉ ሌሊት ትገባለህ!»

አንገቴን ደፋሁ። የገዛሁልሽ የካንጋ ልብስ ሻንጣዬ ውስጥ እንደታጠፈ ቀረ። ኋላ ሳስበው ግን የሻይ እረፍታችን ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ነው፤ ሽማግሌው ኮምቦ በረመዳን ከበሮ እየመታ ለሱሁር ምግብ የሚቀሰቅሳችሁም ያኔ ነው። ያኔ ደውዪልኝ። መጀመሪያ ስልኩን መስኮቱ ላይ አድርጊው፣ ከበሮው ይለፍ። ከዚያ አንቺ አውሪኝ። «ቀስ» ካልኩሽ አትደንግጪ፤ ነቅቼ ነው፣ ወሬሽ ቶሎ እንዳያልቅብኝ ነው።

ዙዌናን ሁለት ጉንጯን ሳሚልኝ። አጎቴ ባዋዚርን ሳሉ ተሽሎት እንደሆነ ጻፉልኝ። አህያችንንም ሰላም በዪልኝ፣ ቀድሞኝ መንቃቱን ይቅር ብዬዋለሁ።

ልጅሽ አትማን
ሞምባሳ፣ ሻዕባን 12