የሐሙስ ተራ

ማቴዬ፣

ከሄድክ አንድ ዓመት ከሁለት ወር ሆነህ። እኔ ግን የምቆጥረው በሐሙስ ነው፤ ስልሳ አንድ ሐሙስ አለፈ። ደህና ነህ ወይ ብዬ አልጠይቅህም፣ መልስ እንደማይመጣልኝ አውቃለሁ። ላለቅስብህም አይደለም የምጽፈው። ትናንት ያደረግሁትን ከእኔው እንድትሰማ ብዬ ነው፤ እህትህ እንደሆነች ከጠዋት ጀምሮ አገራችሁ ካምባ እየደወለች ለዘመድ ሁሉ ስታወራ ነው የዋለችው።

መጀመሪያ የቤቱን ልንገርህ። ዛሬ ዓርብ እንጂ ሐሙስ ስላልሆነ ስለ ልጆቹ ማውራት ይፈቀድልኛል። ናቲ የአሥራ ሁለተኛ ክፍልን ፈተና አለፈ። አዎ፣ ያ ሂሳብ አይገባውም ያልከው ልጅ! ሜላት ቁመቷ ትከሻዬ ጋ ደርሷል፣ ምላሷ ግን ከእኔም በልጧል። ፓምፕ የምትጠግንበት የመፍቻ ሳጥንህ አልጋው ሥር እንዳለ ነው፤ ሽጭልኝ ያለኝን ሰውዬ አባርሬዋለሁ። ከደጋ ለትምህርት የሚመጡት የዘመድ ልጆች አሁንም ሳሎኑ ውስጥ ተደርድረው ይተኛሉ። ታላቅ እህትህ ብርሃኔ ደግሞ ለለቅሶ መጥታ በዚያው ቀርታለች። ታስቸግረኛለች። ያለ እሷ ግን ያን ዓመት አልወጣውም ነበር፤ ሁለቱንም እወቅልኝ።

ሐሙስን እንዴት እንደጀመርናት ታስታውሳለህ? ተጋብተን አራት ዓመት እስኪሆነን ድረስ እኔና አንተ ብቻችንን ተቀምጠን አንድ ሻይ ጠጥተን አናውቅም ነበር። ቤቱ መቼ ሰው ጠፍቶበት ያውቃል! አንድ ቀን ከነጭቃህ ታችኛው ሰፈር ሲቀላ ያለው ልብስ ስፌት ቤቴ ድረስ መጣህና በሳምንት አንድ ምሽት የሁለታችን ብቻ ይሁን አልከኝ። ያስቸገረን ቀኑን መምረጥ ነበር። ረቡዕና ዓርብ እኔ እጾማለሁ። ማክሰኞ አንተ መዘምራን አለብህ። ቅዳሜ ገበያ ነው። እሑድ አንተ ወደ ቤተ ክርስቲያንህ፣ እኔ ወደ ቤተ ክርስቲያኔ። ሰኞን ደግሞ የኩልፎ ወንዝ ውሃ ፓምፕ ሁሉ የሚበላሸው ሰኞ ነው ብለህ አስጣልከኝ። ሐሙስ ብቻ ቀረች። ጴንጤና ኦርቶዶክስ ያለ ክርክር አንድ ትሪ የሚቀርቡባት ቀን እያልክ ትስቅ ነበር።

ሕጉን ያወጣሁት እኔ ነኝ፣ አልክድም። ቦታውን በየተራ እንመርጣለን፣ ባለተራው እስክንደርስ ድረስ አይናገርም። ስለ ልጆች፣ ስለ እንግዳና ስለ ፓምፕ ማውራት ክልክል ነው። ሕጉን የጣሰ ሰው ላይኛው ሰፈር ሴቻ ወዳለው ቤታችን ስንመለስ ዳገቱን በእግሩ ይወጣል፣ ሌላው በባጃጅ ይሄዳል።

የመጀመሪያዋን ሐሙስ ኩልፎ ዳር ተቀምጠን ሸንኮራ እያላመጥን ሳለ ከሙዙ መሃል የአንድ ገበሬ ፓምፕ ሞተር ሲንተፋተፍ ሰማህና አየር ስቧል አልክ። ወዲያው ፈረድኩብህ። ዳገቱ ሥር ስንደርስ ከባጃጁ አወረድኩህ፣ አንተም ኮትህን ትከሻህ ላይ ጣል አድርገህ መራመድ ጀመርክ። እኔ መቶ እርምጃ ያህል እንኳ አልሄድኩም። ባጃጁን አስቁሜ ወረድኩና ጠበቅሁህ። ለካ ከሁሉም ደስ የሚለው ዳገቱ ኖሯል። ከዚያ ወዲህ ማንም ይጣስ ማን፣ አብረን ነው የወጣነው። ሆን ብለህ ፓምፕ እንደምታነሳ የገባኝ ከዓመታት በኋላ ነው። እኔም ሆን ብዬ ልጆቹን አነሳ ነበር፤ አንተም ሳትነቃብኝ አልቀረህም።

ተራህ ሲደርስ ግን ጉድ ነበርክ። በፍልሰታ ጫሞ ሐይቅ ዳር ወስደህ ዓሳ አዘዝክልኝ። እዚህ አገር በጾም ዓሳ የሚበላ ሞልቷል፣ እኔ ግን የእናቴ ልጅ ነኝና አልቀምስም አልኩህ። ሁለቱንም ሳህን ጠራርገህ በላህ፣ እኔ ሙዝ እየላጥኩ አየሁህ። መቼም እኔም የምኮራበት የለኝም። ሐሙስ በዓል የዋለ ዕለት በስስ ቀሚስና በነጠላ ጫማ ጨንቻ ይዤህ ወጣሁ። ብርዱ ጥርሴን ሲያንቀጫቅጨው ጃኬትህን ለእኔ ደረብክልኝ፣ ራስህ እንዲሞቅህ ብለህ ቆጮውን በዳጣ እየነከርክ ዓይንህ እንባ እስኪያቀርር በላህ። እንዴት እንደሳቅሁብህ!

የመጨረሻው ተራ የአንተ ነበር። እሑድ ዕለት፣ “የፊታችን ሐሙስ የማይንሸራተተውን ጫማሽን አድርጊ” ብለኸኝ ሳቅ አልክ። ማክሰኞ ሙዝ እርሻ ውስጥ፣ ፓምፕህ አጠገብ እንደተንበረከክህ ልብህ ቆመ። ረቡዕ ቀበርንህ። ሐሙስ ድንኳን ውስጥ ሰው ከብቦኝ ተቀምጬ የማስበው ያንን ጫማ ነበር። የት ልትወስደኝ እንደነበር ለማንም አልተናገርክም፤ ጓደኞችህን አንድ በአንድ ጠይቄያለሁ። ሕጉን ያወጣሁት እኔ ስለሆንኩ በማን እፈርዳለሁ? ቢሆንም ተናድጄብህ ነበር።

ዓመቱን ሙሉ የትም አልሄድኩም። ባሏ የሞተባት ሴት አመሻሹ ላይ ሐይቅ ዳር ስትንሸራሸር ሰው ምን ይላል እያለች እህትህ ሐሙስ በመጣ ቁጥር ከቤት አታስወጣኝም ነበር። እኔም ለመከራከር ጉልበት አልነበረኝም። ዓመቱ ሲሞላ ጥቁሬን አወለቅሁ፣ ሐሙስ ግን ጥቁሯን እንደለበሰች ቀረች።

ባለፈው ሳምንት አንዲት ሙሽራ ቀሚሷን ልትለካ ስፌት ቤቴ መጣች። ከሠርጉ በኋላ ከባሏ ጋር የት የት ብትሄድ እንደሚሻላት ጠየቀችኝ። አፌ ዝም ብሎ ተከፈተ። ሁለቱን ሐይቆች አንድ ላይ ለማየት ከአሥራ አንድ ሰዓት በኋላ ሴቻ አፋፉ ላይ ስፕሪስ ይዛችሁ ተቀመጡ አልኳት። ኩልፎ ዳር ሸንኮራ አላምጡ፣ ዓሳውን ሐይቁ ዳር ብሉ፣ ጾም አለመሆኑን ግን አስቀድማችሁ እዩ፣ ጨንቻ ስትወጡ ጋቢ እንዳትረሱ። የትም ሂዱ ብቻ ስለ ቤት አታውሩ አልኳት። እሷም ምንጮቹስ እንዴት ናቸው ብላ ጠየቀችኝ።

ሃያ ዓመት ሙሉ አርባ ምንጭ ኖረን፣ አገሩ ስሙን ያገኘበት ምንጭ ጋ እኔና አንተ አብረን ወርደን አናውቅም። የእንግዳ ነገር ነው ብለን ትተነው ነበር። ጫካው ውስጥ ያለው መንገድ እርጥብ ነው ሲሉ እሰማ ነበርና ያኔ ጫማው ትዝ አለኝ። እዚያ ይሁን ሌላ ቦታ እርግጠኛ መሆን አልችልም ማቴ። ግን ቆረጥኩ። ተራህ እንዲሁ ተንጠልጥሎ አይቀርም አልኩ።

ረቡዕ ማታ ለእህትህ ነገርኳት። አይሆንም አለች። ጎረቤት ምን ይላል አለች፣ ዘመድ ምን ይላል አለች፣ የልጆቼን ስም ጠራች። እስክትጨርስ ጠበቅኋትና፣ “እትዬ፣ የሞተው ባሌ ነው፤ ሐሙስ አልሞተችም” አልኳት። ትናንት ከስፌት ቤት ስወጣ ጃንጥላዋን ይዛ በሩ ላይ ቆማ አገኘኋት። ብቻሽንማ አትሄጂም ብላ ባጃጁ ውስጥ ቀድማኝ ገባች።

ቦታውን ብታየው ማቴ። ትላልቅ ዛፎች ናቸው፣ ዝንጀሮው እንደ ባለቤት ቁጭ ብሎ ያይሃል፣ ውሃው ከድንጋዩ ሥር ንጹሕ ሆኖ ብቅ ይላል። መንገዱ እውነትም ያንሸራትታል። እህትህ ሁለቴ ልትወድቅ ስትል ያዝኳት፣ እኔን ግን ጫማው አልከዳኝም። ምንጮቹን ልቆጥራቸው ሞክሬ ሰባት ላይ እንባ ጋረደኝና ተውኩት። እህትህ ፊቷን ታጠበችና ድንጋይ ላይ ቁጭ ብላ፣ ሕፃን ሳለህ ውሃ እንደምትፈራ ነገረችኝ። ካምባ ገበያ ስትሄድ አዝላህ ወንዙን ስትሻገር ትጮህባት ነበር አሉ። ዕድሜህን በሙሉ ከውሃ ጋር ስትታገል የኖርከው ሰውዬ! ይህን ደብቀኸኝ መሄድህን አልረሳልህም።

ስንመለስ ዳገቱ ሥር ልንደርስ ስንል፣ ናቲ ፈተናውን ማለፉን አባቱ ሳይሰማ ቀረ አልኩ። ሆን ብዬ ይሁን አምልጦኝ እኔም አላውቅም። ሹፌሩን አስቆምኩና ወረድኩ። እህትህ ያመመኝ መስሏት ደነገጠች፤ ሕጉን ነገርኳት። አብደሻል አለችኝና ባጃጁ ይዟት ሄደ።

ብቻዬን መራመድ ጀመርኩ። ወደ ላይ ቀና ብዬ ሳይ የባጃጁ ቀይ መብራት መቶ እርምጃ ያህል ሄዶ ቆመ። እህትህ ጉልበቷን ይዛ ወረደች፣ ጃንጥላዋን እንደ ከዘራ ተደገፈችና ምን ትጎተቻለሽ እያለች ጠበቀችኝ። ያኔ ነው ድምፄን አውጥቼ ያለቀስኩት።

አብረን ወጣነው። መሃል ላይ ቆማ ትንፋሿን ስትሰበስብ፣ ምን ምን ማውራት ነው የተከለከለው ብላ ጠየቀችኝ። ሦስቱንም ነገርኳት። ፓምፑ ላይ ስደርስ ሳቀች።

ያንተ ተራ ተፈጸመ ማቴዬ። ጉልበቴ እስከሠራ ድረስ ሐሙስን አላስቀራትም፣ አንተንም ዳገቱ ላይ አላጣህም። በሚመጣው ሐሙስ ተራው የእኔ ነው። ቦታውን መርጫለሁ፣ ለእህትህ ግን አልነገርኳትም። ጫማ ቀይሪ ብቻ ብያታለሁ።

ያንተዋ እልኸኛ፣
ብርቱካን