ለሰማይ ድንጋይ የተጠራ ደቦ

ይድረስ ለወንድሜ ለደሳለው፣ ሪያድ፤

እንደምን ከርመሃል? ጤናህስ? ወገብህ ተሻለህ ወይ? የበረሃው ሙቀትስ በረድ አለልህ? እኛ፣ መድኃኔዓለም ይመስገን፣ ከንዴት በቀር ደህና ነን። ስልክ እያለ ወረቀት ማንሳቴ አይግረምህ። የአባዬ ጆሮ ስለደከመ ስልኩን የምንከፍተው በትልቅ ድምፅ ነው፤ ይህን ደግሞ እሳቸው መስማት የለባቸውም። ስለዚህ ጎረቤታችን አሕመድኑር ወደዚያ ሲመለስ በእጁ ሰድጄልሃለሁ።

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም። ነሐሴ ላይ እሳት የመሰለ ነገር ከሰማይ ሲወርድ አገሩ ሁሉ አየ። ያ የአክስታችን ልጅ ፈንታው ታዲያ የሰማይ ድንጋይ ብረት አለበት፣ ከወርቅም ይበልጣል ብሎ ተነሣ። ሁለት ብረት መፈለጊያ ማሽን አስመጣ፣ ኮሚቴ አቋቋመ፣ ራሱን ሊቀመንበር አድርጎ ፊሽካ አንገቱ ላይ አንጠለጠለ። የገዛ በጉ የማይታዘዝለት ሰው መንደሩን በፊሽካ ይነዳው ጀመር! ይህማ ላም አለኝ በሰማይ ነው ብዬ ብነግረው ምቀኛ ብሎኝ አለፈ።

ፍለጋውን በምን አደራጀው መሰለህ? በደቦ! ለደቦ ደግሞ ባዶ እጁን የሚመጣ ማን አለ? ሁሉም ዶማና አካፋውን ይዞ ድንጋዩ ወድቆበታል በተባለው የአባዬ የባቄላ ማሳ ላይ ከጥግ እስከ ጥግ ተሰለፈ። ማሽኑ በሰዉ ዶማ ይጮኻል፣ ፈንታው ፊሽካውን ይነፋል፣ ሰዉ ይቆፍራል። ቆፋሪው ፈቀቅ ሲል ጩኸቱም አብሮት ፈቀቅ ይላል፤ ሊቀመንበራችን ድንጋዩ ተበታትኖ ነው የወደቀው ይላል። ከገበያ ደርሼ የአንዱን ዶማ ነጥቄ ብወረውረው ማሽኑ ዝም አለ። ምን ዋጋ አለው፣ ያበበው ባቄላ ሥሩ ወደ ላይ ሆኗል። የዓመት ሽሯችን እሱ ነበር። የተገኘው የማጭድ ስባሪ ነው።

በማን ፈቃድ ብዬ ብጠይቀው፣ ፈንታው የላክህለትን የድምፅ መልእክት ከስልኩ አሰማኝ። ለባቄላ ተብሎ ሀብት አይገፋም፣ ቆፍሩት ስትል በጆሮዬ ሰማሁ። ፈንታውስ ድሮም ፈንታው ነው፤ አንተን ግን ሰው ብዬህ ነበር።

ባለቤቴ ሞላ ሰላም ብሎሃል። ልጄ የኔአለም ናፍቀሃታል። እማዬ ወገብህን እንድትታከም ትለምንሃለች። አባዬም አብዝተው ሰላም ይሉሃል። ፈንታው ደሳለው ፈቅዶልኝ ነው ቢላቸው፣ በሽማግሌዎች ፊት ውሸታም ብለው አዋርደውታል፤ ልጄ ይህን አይልም ብለው በመድኃኔዓለም ምለውልሃል። እኔ አጠገባቸው ቆሜ ዝም አልኩ።

እህትህ አስቻለች
መካነ ሰላም፣ መስከረም 28 ቀን 2017 ዓ.ም.