የተሰረዘው ሐሙስ

ሰኞ

ቀዩ እስክሪብቶ ሐሙስ ላይ ሲያርፍ ሁሉም ነገር ተበላሸ። በልምምድ ዕቅዴ ላይ «ዕረፍት» ብዬ የጻፍኩትን፣ የቀበሌያችን ስፖርት ኮሚቴ ሊቀመንበር ሁለት ጊዜ ሰረዘና ከላዩ «የሰልፍ ልምምድ» ብሎ ጻፈ። ከዚያ ወደ ረቡዕ ተመለሰና የዳገቱን ሩጫ እጥፍ አደረገው። ይህን ሁሉ ያደረገው ጃንሜዳ ዳር፣ የማሠለጥናቸው ልጆች ከበውን ቆመው እያዩ ነው።

«ፋብሪካዎቻችን ከዕቅድ በላይ ያመርታሉ፤ የእኛ ስፖርተኞች በሳምንቱ መካከል የሚተኙት ለምንድን ነው ጓድ ሂሩት?» አለኝ።

«ማሽንም እኮ ዘይት ሊቀባ ይቆማል፣ ጓድ» አልኩት።

ልጆቹ ሳቁ። የጎዳኝ ሳቃቸው ነው። እስክሪብቶውን ቀስ ብሎ ከደነና ምላሴን እንዳሳጥር መከረኝ።

እሑድ የከተማው ምርጫ ውድድር አለ። ከአንደኛ እስከ ስድስተኛ የወጡ ክለብ ይገባሉ፤ ክለብ ማለት ደመወዝ ነው። ከልጆቼ አንዷ፣ ጽጌ፣ ከገባች ከአትክልት ተራ ጆንያ ሸክም ትገላገላለች። እግሯ እስከ እሑድ መቆየት አለበት። ሌላው ሁሉ ወሬ ነው።

ማክሰኞ

ነገ ከነገ ወዲያ ሲጠይቁኝ እንዳይጠፋብኝ ለራሴ ልጻፈው። ሰውነት የሚጠነክረው ሲሮጥ አይደለም፤ ሮጦ ሲያርፍ ነው። ከከባድ ቀን ቀጥሎ ቀላል ቀን ይመጣል። ውድድር ሲቀርብ ልምምዱ ይቀንሳል እንጂ አይጨምርም። ለአንዷ ልክ የሆነው ለሌላዋ ይበዛል። ይህን ለማወቅ ኮሌጅ ገብቼ ዓይኔ እስኪቀላ አጠናሁ፤ እሱ በአንድ መስመር ሰረዘው።

ኮሌጅ ያላስተማረኝም አለ። ጽጌ ጎህ ሲቀድ ከእናቷ ጋር ሽንኩርት ከመኪና ታወርዳለች። ጆንያውም ልምምድ ነው፤ እግር ለሩጫና ለሸክም ለየብቻ አይደክምም። ስለዚህ መኪና በሚገባበት ቀን ሶምሶማ ብቻ እሰጣታለሁ።

ዛሬ ቅልጥሟን በአውራ ጣቴ ስጫነው ትንፋሿን ያዘች።

«ምንም አይደል፣ ቲቸር።»

ምንም ካልሆነ ትንፋሽ አይያዝም።

ረቡዕ

ፊሽካ አንጠልጥሎ ራሱ መጣ። አስወጣቸው፣ አወረዳቸው፣ ደግሞ አስወጣቸው። ፊሽካው በተነፋ ቁጥር አፌን እከፍትና መልሼ እዘጋለሁ። የዶሮ ማነቂያ ሰፈር ልጅ የሆነችው ማርታ በአጠገቤ ስታልፍ፣ «የእሱስ ሆድ ዕቅዱን ካሳካ ቆየ፤ የቀረነው እኛ ነን» አለች። ሳቄን ዋጥኩ።

መጨረሻው ዳገት ላይ ጽጌ አነከሰች። አየኋት። እሱም አየ። «ይኸው ደረሰች አይደል?» አለኝ።

አውቶቡስ አልያዝኩም። ከራሴ ጋር እየተጣላሁ በአራት ኪሎ አድርጌ ፒያሳ ድረስ በእግሬ መጣሁ። ሥላሴን ከሩቅ ተሳለምኩ፤ ምን ብዬ እንደምለምን ግን ጠፋኝ።

ሐሙስ

ልጆቹ ለሰልፍ ልምምድ ሄዱ። ጽጌን አልላክኋትም።

ማለዳ አትክልት ተራ ወርጄ እናቷን እትዬ ብርቄን አናገርኳቸው። ልጅዎ ዛሬ ጆንያ አትንካ፣ ሰልፍም አትሂድ፣ እግሯን ከፍ አድርጋ ትተኛ አልኳቸው። ጎመን እያሰሩ ሰሙኝ። ቀበሌው ስኳር ይከለክለኛል ብለው ፈሩ። አሠልጣኟ ናት የከለከለቻት ይበሉ አልኳቸው።

«አንቺ ስትታሰሪስ ልጄ፣ ስንቅ ማን ያመላልስልሻል?»

«እናቴ አለች» አልኩ። ቀልዴን ነበር።

ማምሻውን ጠብመንጃ ያነገተ የአብዮት ጥበቃ በራችንን አንኳኳ፤ ነገ ጠዋት ቀበሌ እንደምፈለግ ነገረኝ። ወንድሜን ከወሰዱት ወዲህ እናቴ በር ሲንኳኳ ከመቀመጫዋ ብድግ ብላ ትቆማለች። ዛሬም ቆመች። ሰውየው ከሄደ በኋላ ጋቢና ሹራብ ዘንቢል ውስጥ አጣጥፋ በሩ አጠገብ አስቀመጠችው።

ዓርብ

ተመለስኩ። ዘንቢሉ ግን አልተነሳም።

ሦስት ሆነው ነው የጠበቁኝ። ሊቀመንበሩ ነገሩን «የስፖርት አሻጥር» አለው። አሻጥር በጤፍና በስኳር ሲሠራ ሰምቻለሁ፤ በእግር ሲሠራ አልሰማሁም። ይህን አላልኩም። ሰኞ ተምሬያለሁ።

ነገ በልጆቹ ፊት ግለ ሂስ አድርጊ አለኝ። ካላደረግሁ ጽጌ ከተወዳዳሪዎች ትሰረዛለች። እኔን ቢያስፈራራኝ ይቀለኝ ነበር። የያዘው የእሷን እግር ነው።

«ጥፋትሽን በግልጽ ተናገሪ። ሌላ ምንም አንፈልግም።»

እሺ አልኩ። አፌ እስካሁን ይመረኛል።

ቅዳሜ

ልጆቹ በቀበሌው አዳራሽ አግዳሚ ላይ ተደርድረው ነበር። ጽጌ ከፊት ተቀምጣ መሬት መሬቱን ታያለች። ተነሳሁ።

«ጥፋቴ ይህ ነው» አልኩ። «ሰኞ ዕለት የሐሙሱ ዕረፍት ሲሰረዝ ቀልድ ተናግሬ ዝም አልኩ። ረቡዕ ፊሽካው ሲነፋ፣ ጽጌ ስታነክስ እያየሁ፣ አሁንም ዝም አልኩ። አሠልጣኝ ሆኜ ፈራሁ። ለዚህ ግለ ሂስ አደርጋለሁ።»

ተቀመጥኩ። ሊቀመንበሩ እስክሪብቶውን ከፈተ፣ መልሶ ከደነ። ግለ ሂስ ጠየቀ፣ ግለ ሂስ ሰጠሁት፤ ምን ይበል?

ከኮሚቴው አንዱ፣ ፒያሳ ጫማ የሚሸጡት የወሎው ጋሽ ሰይድ፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ጥፋቷን አምናለች ተብሎ ይያዝና እንነሳ። እኔ ሱቄን ለጎረቤት አደራ ብዬ ነው የመጣሁት» አሉ። ሰዉ ሳቀ፤ ስብሰባው በሳቅ ተበተነ። ሽማግሌው ሲወጡ ዓይን ለዓይን እንኳ አላዩኝም። ያዳኑኝ አውቀው ነው።

ሊቀመንበሩ በሩ ላይ ቀረብ ብሎ፣ «ነገ ጽጌ ክለብ ካልገባች ሌላ ስብሰባ ይኖረናል» አለኝ።

እሑድ

ጽጌን፣ እንዳትመሪ አልኳት። ስድስተኛም ብትሆኚ ገባሽ ማለት ነው፤ ሌሎቹ ሲቸኩሉ ተያቸው። ቅልጥሟን ስጫነው ትንፋሿን አልያዘችም። ወይም ደብቃኛለች።

የእኛዎቹ እንደ ጥይት ተነሱና ከግማሽ በኋላ እግራቸው እንደ እርሳስ ከበደ። የረቡዑ ዳገትና የሐሙሱ ሰልፍ ሲወጣባቸው አየሁት። ጽጌ ከኋላ እየለቀመች መጣች። አምስተኛ። እትዬ ብርቄ ስንተኛ እንደሆነች ደጋግመው ጠየቁኝ። ሣሩ ላይ ቁጭ አልኩ።

ሊቀመንበሩ እየሮጠ መጥቶ እጇን ለፎቶ አነሳላት። «ከዕቅድ በላይ!» ይላል።

ማርታ ስምንተኛ ወጣች። ጫማዋን ፈትታ፣ ጀርባዋን ለሁሉም ሰጥታ ተቀምጣ አገኘኋት። ዛሬ አልቀለደችም።

«እኔንስ ሐሙስ ለምን አልደበቅሽኝም፣ ቲቸር?»

ማርታ ከጽጌ የምትፈጥን ልጅ ናት።

ነገ ሰኞ ነው። አዲሱን ዕቅድ በትልቁ ጽፌ አዳራሹ ግድግዳ ላይ እለጥፋለሁ። ሐሙስ ዕረፍት፣ ለሁሉም። ምን እንደሚመጣ አላውቅም። እናቴ ዘንቢሉን ልታነሳ ስትል ተይው አልኳት። አንዷን ደብቄ ሌሎቹን ለፊሽካ ግን ከእንግዲህ አልሰጥም። ቀዩ እስክሪብቶ ሲሰርዝም ቆሜ አላይም።