አባባ ገሪማ ከፈቀዱልኝ በኋላ

ለምወድህ ወንድሜ ለወልደዮሐንስ፣

እንዴት ከረምክልኝ? ጤናህስ? ባለፈው ስንደዋወል ድምፅህ ሻክሮ ስለነበር ብርዱ እንዳልለቀቀህ ገብቶኛል። ሳሉ ተሻለህ? ሱቁስ፣ ሰፈሩስ ረግቷል? ባለቤትህ አትጠገብ ወገቧን የሚይዛት ነገር ለቀቃት? አማኑስ መራመድ ጀመረ ወይስ ገና እየዳኸ ነው? እኛ ጌታ ይመስገን ሁላችንም አለን። ዝናቡ በርትቶ መንገዱን አጨቀየው እንጂ እንሰቱም ቡናውም ደህና ነው።

ጋሼ፣ የስኮላርሺፑ ነገር ከምን ደረሰ ባልከኝ ቁጥር ኔትወርኩን እያሳበብኩ ስልኩን ዘግቼብሃለሁ። እማዬ ሁልጊዜ አጠገቤ ስለሆነች ልነግርህ አልቻልኩም። አሁን አብሮኝ ታሪክ የተማረ ሙዘሚል የሚባል ጓደኛ አለኝ፤ አጎቱ አብዱልሰመድ ወደ እናንተ ሊመጣ ስለሆነ ይህን በእሱ ልኬልሃለሁ።

የመውጫ ፈተናውን ካለፍኩ ወዲህ ያላመለከትኩበት ቦታ የለም። ታሪክ ለተማረ ሰው በሩ ጠባብ ነው። ማስታወቂያውን በጉጉት ጀምሬ «ለጤና፣ ለምህንድስናና ለኮምፒውተር ተመራቂዎች» የሚለው ላይ ስደርስ ስልኬን አስቀምጣለሁ። በመጨረሻ አንድ ተገኘ። አዲስ አበባ ያለ አንድ ድርጅት በየዓመቱ ከታሪክ ተመራቂዎች የአንዱን የመመረቂያ ጽሑፍ ይሸልማል። ያሸነፈው ሁለተኛ ዲግሪውን በነፃ ይማራል፤ እየተማረም ቤተ መዛግብት ውስጥ በተለማማጅነት ይሠራል። ጽሑፌን ላክሁ። ሰኔ ላይ ተመርጧል ብለው ደወሉልኝ። ለእማዬ ስነግራት እልልታዋን ጎረቤቱ ሁሉ ሰማው።

ጽሑፌ በባለርስቶቹ ዘመን ጨለለቅቱ አካባቢ ስለነበሩ ጭሰኞች ነው። ሙዘሚል በአባቱ ሞተር እያመላለሰኝ ብዙ ሽማግሌዎችን አነጋግሬያለሁ። ከሁሉም የበለጠውን የነገሩኝ ግን አባባ ገሪማ ናቸው። በዚያ ዘመን ልጅ ነበሩ። ጭሰኞቹ ከባለርስቱ ድርሻ ያስቀሩትን ቡና በእንሰት ቅጠል ሸፍነው ደብቀው ነበር። አንድ ሰው ጠቆመና ቡናው ተወሰደ፤ የአባባ ገሪማን አባት ጨምሮ ብዙዎቹ ከመሬታቸው ተባረሩ። ጠቋሚው ማን እንደነበር መንደሩ እስከ ዛሬ አያውቅም። እሳቸው ግን ያውቃሉ። የገዛ ታላቅ ወንድማቸው ነው። ይህን በጌዴኦኛ እያለቀሱ ነገሩኝና «ጻፊው፤ ስሜ ግን ከዚህ አጥር አይውጣ» አሉኝ። እሺ አልኳቸው። ጽሑፉ ላይም «አንድ አዛውንት» ብዬ አለፍኩት። ላንተ የነገርኩህም ባንተ ይቅር።

ድርጅቱ ከደወለ በኋላ አንድ ነገር ጠየቀኝ። ጽሑፉ የሚታተም ስለሆነ የተናጋሪው ሙሉ ስም መገለጽ አለበት፤ የቀዳሁት ድምፃቸውም ማንም ሊሰማው በሚችልበት ቦታ ይቀመጣል። ስሙን ልተወው ብዬ ለመንኳቸው፤ ደንባችን አይፈቅድም አሉኝ። ክፍሉን ላውጣው እንዳልል ጽሑፉ የቆመው በእሱ ነው። አማካሪዬን መምህር ሽመክትን ባማክራቸው «ልጄ፣ ስሙ ያልታወቀ ምስክር ለእነሱ ወሬ ነው። ሂጂና ሰውየውን አስፈቅጂ» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። እኔም እንዲፈቅዱልኝ እየጸለይኩ ሄድኩ።

ቤታቸው ስደርስ ዝናብ አበስብሶኝ ነበር። አንዲት ወጣት ሴት ነጠላዬን ተቀብላ ምድጃው አጠገብ ሰቀለችልኝና ቆጮ በጎመን አቀረበችልኝ። አባባ ገሪማ ልጅ ስለሌላቸው የምታበላቸውም፣ የምታጥባቸውም እሷ ናት። እሷ ወደ ጓዳ ስትገባ ነገሩን አንድ በአንድ ነገርኳቸው። ቆጮውን ወደ እኔ ገፋ አድርገው «ከስተሻል» አሉኝ። ከዚያም «ይህ ነገር አንቺን ለትምህርት የሚያደርስሽ ከሆነ ስሜን ስጫቸው። እኔ ከእንግዲህ ስንት ጊዜ እኖራለሁ?» አሉ። ደስታዬ ይህን ያህል ነው አይባልም፤ እጃቸውን ሳምኩ።

ልወጣ ስል ልጅቷ እስከ መንገዱ ሸኘችኝ። የማን ልጅ ነሽ አልኳት። አያቷ የአባባ ገሪማ ታላቅ ወንድም እንደነበሩ ነገረችኝ። «አያቴን አላወቅኳቸውም፤ አባባ ገሪማ ግን ደግ ሰው እንደነበሩ ይነግሩኛል። አንቺ ስለድሮ ታሪክ ነው አይደል የምትጽፊው? ስለ እሳቸው የሰማሽው ካለ እስቲ ንገሪኝ» አለችኝ። ገና ነው፣ ብዙም አልሰማሁም አልኳት።

ወንድሜ፣ ሽማግሌው ፈቅደዋል። ግን የፈቀዱት ለእኔ አዝነው ነው። የሚከፍሉትን ደግሞ አውቃለሁ፤ ያ ድምፅ ከወጣ እሷ እንዴት አድርጋ ታጎርሳቸዋለች? ጎረቤቱስ እሷን በምን ዓይን ያያታል? ከሳምንት በኋላ ለድርጅቱ ስሙን መስጠት አልችልም ብዬ ጻፍኩላቸው። በጨዋ ቋንቋ አመስግነው ሽልማቱን ለሌላ ተማሪ ሰጡት። ሙዘሚል በጣም ተቆጣኝ። «ሰውየው እሺ ብለው አንቺ ምን ቤት ነሽ?» አለኝ።

ደግ ሥራ የሠራ ሰው ልቡ ይረጋል ይባላል። የእኔ አልረጋም፤ ይቆጨኛል። የዚያን ያሸነፈውን ልጅ ፎቶ ቴሌግራም ላይ ባየሁ ቀን ትራስ ነክሼ አለቀስኩ። እንደገና ማስታወቂያ ማሰስ ደክሞኛል። ጪጩ ካለው ትምህርት ቤት ለጊዜው ታሪክ አስተምሪ ብለውኛል፤ መስከረም ላይ እጀምራለሁ። አንተም ቅር ካለህ አልፈርድብህም። ብቻ ስትደውል ድምፅህን አታክብድብኝ።

አትጠገብን በብዙ ናፍቆት ሰላም በልልኝ። አማኑን ሁለቱንም ጉንጩን ሳምልኝ። ታናሻችን ማርቲ ስምንተኛን በጥሩ ውጤት አልፋለች፤ ሰላም ብላሃለች፤ የአማኑን ፎቶ ላክልኝ እያለች ነው። መምህር ሽመክትም ስላንተ ጠይቀውኛል። እማዬ በጸሎቷ አንድም ቀን አልረሳችህም። አንተ ስትሄድ የተውከውን ትልቁን ሻንጣ ከቆጥ አውርዳ ለእኔ አጥባዋለች፤ ፀሐይ ብልጭ ባለ ቁጥር ወደ ደጅ ታወጣዋለች። አሁንም በመስኮት እያየኋት ነው፤ ዚፑ እንዳይዝብኝ ሻማ እየቀባችው ነው። ሽልማቱ እንደቀረ ገና አልሰማችም፤ ይህን እንዳሸግኩ ወጥቼ እነግራታለሁ።

እህትህ ሮሆቦት
ዲላ፣ ነሐሴ 11 ቀን 2017 ዓ.ም.